ወፍጮው ወደ ሱቁ የተመለሰበት ሳምንት

ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ ወጥቼ ደሴንና ባቲን እንጂ ሌላ አገር አላውቅም። አዲስ አበባም አንድ ጊዜ ለዓይን ሕክምና ሄጃለሁ፤ አንዱ ዓይኔ ታሽጎ ስለነበር ከተማዋን ያየኋት በግማሽ ነው። ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ እነሱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከቤት ሲወጡ እኔ በራሴ ማንበቡን ቀጠልሁ። ጽሑፌ የሱቅ ወሬ ከመሰለ አትፍረዱብኝ። የሰፈሬ ሴቶች "ድሬዳዋ እንዴት ነው?" እያሉ ሲጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሄድሁት ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ጠርቶኝ ነው። ሰዒድ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወገቡን ታመመና ሐኪም መሪ እንዳይዝ ከለከለው። ሚስቱ ነፊሳ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ቦታ ስለሰጧት፣ እዚያ ቤት ሠርተው ወፍጮ ሊተክሉ አሰቡ። የአካባቢው ሰው ማሽላ ያመርታል፤ ለማስፈጨት ግን በአህያ ጭኖ ሩቅ ይሄዳል። ሰዒድ ወለድ ያለበት ብድር እንዳይነካ ለአባታችን ቃል ገብቷልና፣ ከወለድ ነፃ የሚሠራ ባንክ እስኪቀበለው ድረስ ብዙ ጠበቀ። የተቀበለው ዕለት ደውሎ፣

"እታለም፣ ባንኩ ብር አይሰጠኝም እኮ። ወፍጮውን ራሱ ከነጋዴው ይገዛና ትርፍ ጨምሮ ለእኔ ይሸጥልኛል። እኔ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ከወለድ በምን ተለየ?" አልሁት።

"ይለያል" አለኝ። በምን እንደሚለይ ግን አልነገረኝም። በኋላ እንደተረዳሁት እሱም በደንብ አያውቀውም ነበር።

ማሽላው ከመሰብሰቡ በፊት ወፍጮው ይመረቃል፣ ነይ አለኝ። ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ተነሳሁ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነበርሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ እኛ ዘንድ ጠዋቱ ጋቢ ያስለብሳል። ባቲን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዬን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ሚሌ ስንደርስ ጋቢ ታቅፋ የቆመች ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። እዚያ መኪና ቀይሬ ወደ አዋሽ የሚሄድ አውቶቡስ ያዝሁ። መንገዱ የጅቡቲ መንገድ ነው፤ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። ሰዒድ እዚህ ላይ ስንት ዓመት ተመላልሷል እያልሁ የሹፌሮቹን ፊት ለማየት እሞክር ነበር። ለፀሐይ ከሰቀሉት ፎጣ በቀር ምንም አይታይም።

ገዋኔን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ እስኪቀይር ተሳፋሪው ሁሉ አንዲት ግራር ሥር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። አንዲት አፋር ሴት ፍየሎቿን እየነዳች መጣችና፣ እኔ ቋንቋዋን ሳላውቅ እሷም ቋንቋዬን ሳታውቅ፣ ከያዘችው ዕቃ ወተት ቀድታ ሰጠችኝ። ጭስ ጭስ ይላል፤ እኛም ቤት የወተት ዕቃ ይታጠናልና አልከበደኝም። በምን ልመልስላት ብዬ ከቦርሳዬ አንድ ካርድ ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። የለበሰችው አንድም ቁልፍ የለውም። ሳቀችና ወሰደችው።

አዋሽ ሲመሽ ደረስን። ያደርሁበት አልቤርጎ ባለቤት ክርስቲያን ሴት ናት። የገና ጾም ስለገባ ከሽሮ በቀር የለኝም ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ለሽሮ ይቅርታ የሚጠየቅ ከሆነ እኔ ለልጆቼ በየቀኑ ይቅርታ ስጠይቅ መኖር ነበረብኝ። መስገጃ እንደረሳሁ ስታይ ከቁም ሣጥኗ ንጹሕ ነጠላ አውጥታ አነጠፈችልኝና፣ "ሹፌሮቹ ወደዚህ ዞረው ነው የሚሰግዱት" ብላ በእጇ አሳየችኝ። ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ። ብዘጋው ሙቀት ነው፣ ብከፍተው እንቅልፍ የለም። ከፍቼው ተኛሁ።

ረቡዕ ከአዋሽ ተነስተን በሚኤሶና በጭሮ በኩል ተጓዝን። ከፍታው ሲጀምር ጋቢዬ እንደገና ክብር አገኘች። የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉን ሹፌራችን ዳር ይይዛል። ቁልቢ ላይ ክርስቲያኖቹ ተሳፋሪዎች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወደ ኮረብታው ተሳለሙ፤ አጠገቤ የነበሩት ሼህ ደግሞ መስኮቱ እንዳይከልላቸው ወደ ኋላ ዘንበል አሉላቸው። እኛ አገርም እንዲህ ነውና ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ከደንገጎ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወረደ፤ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሙቀቱም ከታች ወደ ላይ መጣ።

ድሬዳዋ ስንገባ እኩለ ቀን ነበር። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው ሞቶባቸው ይሆን ብዬ የባጃጁን ሹፌር ጠየቅሁት።

"አቦ እናት፣ ድሬ በዚህ ሰዓት ትተኛለች። አሁን የሚሠራው ፀሐይዋና እኔ ብቻ ነን። የት ልውሰድሽ?"

እኛ ወሎዎች በዕድሜ የሚበልጠንን አንቱ እንላለን። ድሬዳዋ ግን ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተና አንቺ ነው። መጀመሪያ ጆሮዬን ቆረቆረኝ፤ በማግሥቱ እኔው ራሴ ለመድሁት።

ትንሽ እንደሄድን መሐረብ ላወጣ ሻንጣዬን ብከፍት የወንድ ሸሚዝና የኳስ ጫማ አገኘሁ። ለነፊሳ በእጄ የሰፋሁት የአልጋ ልብስ የለም። ሹፌሩ ሳልነግረው ከፊቴ ገባውና አዞረ። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ጎረምሳ የእኔ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። "እንደምትመለሺ አውቄያለሁ፤ ሻንጣሽ ይመቻል፣ አልቸኮልኩም" አለኝ። ባጃጁ የመልሱን መንገድ አላስከፈለኝም።

ሰዒድ ከዚራ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚራ ከባቡሩ ዘመን የቀሩ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ገጥመው እንደ ጣሪያ ሆነዋል። ኮምቦልቻ ቢሆን ይህን ያህል ዛፍ ድሮ ማገዶ ሆኗል። ሰዒድ ከስቷል፤ ፊቱ ግን በርቷል። "የማሳይሽ አለ" ብሎ እየሳቀ በሚኒባስ ይዞኝ ሄደ።

ቢዮ አዋሌ ሳንደርስ ገና ከመንገድ ሰማሁት። ወፍጮው ተተክሎ ይሠራል። በአራት ወፋፍራም ብሎኖች ከሲሚንቶው ጋር ታስሯል፤ ሴቶች ማሽላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ነፊሳ ፊቷ ዱቄት ሆኖ ከውስጥ ወጥታ አቀፈችኝና እኔንም ዱቄት አደረገችኝ።

"ባንኩ ገዛላችሁ ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አልሁ።

"ገና ነው" አለ ሰዒድ። "ሐጂ ኑር ናቸው ውሰድ ያሉኝ።"

ሐጂ ኑር ከፊራ ገበያ አጠገብ የማሽን ሱቅ ያላቸው የሶማሌ ነጋዴ ናቸው። ሰዒድ ሹፌር ሳለ ዕቃቸውን ከጅቡቲ ያመጣላቸው ነበር። ባንኩ ጥያቄውን መቀበሉን ሲሰሙ በዋጋው ተስማሙ፣ እጅ ለእጅ ተማቱ፣ ዱዓ አደረጉ፤ "ባንኩ ሲመጣ ይከፍለኛል፣ አንተ ማሽላው ሳያመልጥህ ትከል" ብለው በራሳቸው መኪና ላኩለት። ነፊሳም ለበረከት ብላ የመጀመሪያውን ሳምንት ለጎረቤት ሁሉ በነፃ ትፈጫለች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነጋዴ ሲገኝ በሬ ይታረድለታል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሐሙስ የባንኩ ሰዎች ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ተጠረገ፣ ውሃ ተረጨበት። ነፊሳ በአዲሱ ዱቄት ላሆህ ጋገረች፤ ላሆህ ስስና ለስላሳ የሶማሌ ቂጣ ነው፣ ከማር ጋር ይበላል። እንግዶቹ ወፍጮው ሲሠራ እንዲያዩት ሰዒድ ሴቶቹን "ዛሬ እንዳትቀሩ" ብሏቸው ነበርና ሰልፉ ከትናንቱ ይበልጥ ነበር።

ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የድሬዳዋው ቅርንጫፍ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ሀናን የምትባል ወጣት ናት፤ የባንኩ ሥራ ከሸሪዓ እንዳይወጣ እየዞረች የምትመረምር ናት ተባለ። ሀናን ወፍጮውን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ዱቄቱን በጣቷ ነካች። ነፊሳ ላሆሁን አቀረበች። ልጅቷ አመስግና፣ ሳትቀመጥም ሳትቀምስም ቆመች። እኛ ዘንድ የቀረበ አለመቅመስ ስድብ ነው።

"ወንድም ሰዒድ፣ ይሄ ወፍጮ የማን ነው?" አለችው።

"የባንኩ ነዋ።"

"ባንኩ ገዝቶታል?"

"በሚቀጥለው ሳምንት ይገዛዋል።"

"ታዲያ ዛሬ የማን ነው?"

ሰዒድ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ምን አውቄ። "የሐጂ ኑር ነው። እሳቸው ሰጡኝ" አለ።

"ሸጡልዎት ወይስ አዋሱዎት?"

"እህቴ፣ እኔና ሐጂ እንዲህ እየተባባልን አንነጋገርም። ተስማማን፣ እጅ ተማታን፣ ወሰድኩ።"

የቅርንጫፉ ሰውዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሀናን፣ ሰውዬው ቅን ሰው ነው። ገና አልመጣንም እንበልና የግዢውን ወረቀት ቀድሞ እንደተሠራ እናድርገው" አላት። ለራሱ ሳይሆን ለሰዒድ አዝኖ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

"እኔ ለሥራ አስኪያጃችሁ አይደለም ሪፖርት የማደርገው፤ ለዑለማዎቹ ነው" አለችው ድምፅዋን ሳትቀይር። ከዚያ ወደ ሰዒድ ዞራ፣ "ሐጂ ለእርስዎ ከሸጡ፣ ወፍጮው አሁን የእርስዎ ነው። ባንኩ የእርስዎን ወፍጮ መልሶ ለእርስዎ ሊሸጥ አይችልም። ብር ከፍሎልዎት ብር ጨምሮ መቀበል ነው የሚሆነው። ከዚህ ነበር የሸሹት" አለችው። ዑለማዎቹ ካሉበት ከባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ አባላት አንዱ ሼህ ድሬዳዋ ስለሚኖሩ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቢጠየቁ ይሻላል ብላ ጨመረች። ገንዘብ ተቀብላችሁ ፈጭታችኋል ወይ ስትልም ነፊሳ፣ "ለበረከት ነው የፈጨነው፤ በረከቱ ይኸው መጣ" አለቻት።

ስትወጣ ተከትያት ሄድሁ። "ልጄ፣ ላሆሁ ምን አደረገሽ?" አልኋት።

"እትዬ፣ ከበላሁላችሁ ያየሁትን እንዳየሁት መጻፍ ያቅተኛል" አለችኝ። ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙሷን አውጥታ ጠጣች። ዓይኗ ወደ ላሆሁ ሲሄድ ግን አይቻለሁ።

ሰዒድ ወፍጮውን አጠፋ። ሴቶቹ ያልተፈጨ ማሽላቸውን ይዘው ተመለሱ። ነፊሳ በሦስት ቋንቋ ተራገመችና በአማርኛ ጨረሰችው፦ "አቦ፣ እኛ ባንክ መሰለን እንጂ አማት ነው ያገባነው።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጋላ ሰፈር፣ ሼሁ ቤት ሄድን። ሰዒድ፣ ነፊሳ፣ ሐጂ ኑር፣ ሀናንና እኔ ነን። ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ወለሉ ምንጣፍ የሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ሼሁ ከቡና ገለባ የሚፈላ ሆጃ በወተት አስቀርበው፣ ወገቡ እንዳይታመም ብለው ለሰዒድ ራሳቸው ትራስ አመቻቹለት። እኛ አገር ቡና ያለው ሰው ገለባውን ይጥለዋል፤ እዚህ ይጠጡታል፣ ደግሞም ይጣፍጣል። ሀናን አሁንም የራሷን ውሃ ትጠጣለች።

"ሐጂ፣ ሸጥክለት ወይስ አዋስከው?" አሉ ሼሁ።

"ያ ሼህ፣ እኔ ለሰው ነው የሰጠሁ። ይሄ ልጅ በአንድ መንገድ የእኔን ዕቃ ሳይጥል ስንት ዓመት አመጣ። ለእሱ ሸጥኩ አዋስኩ አልልም።"

"ዋጋ ተነጋገራችሁ?"

"ተነጋገርን።"

"እጅ ተማታችሁ?"

"ተማታን።"

"ዱዓ አደረጋችሁ?"

"ወላሂ ረዥም ዱዓ።"

"እንግዲያ ሸጠሃል፤ ዱዓውም ተመዝግቦብሃል" አሉ ሼሁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሰዒድ ብቻ አልሳቀም።

እኔ አላስችል አለኝ። "ሼሃችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐጂ ተስማምተዋል፣ ወንድሜ ተስማምቷል፣ ባንኩም ተስማምቷል። ማን ተጎዳ?"

"ማንም አልተጎዳም" አሉኝ። "ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እንዲህ ልበልሽ። ወፍጮው ከሱቁ ወጥቶ በመንገድ ላይ ቢወድቅና ቢሰበር፣ ባንኩ ምን ይጎድልበት ነበር?"

አሰብሁ። "ምንም።"

"ሳይጎድልበት ነዋ ትርፍ የሚጠይቀው። አበዳሪም እንዲሁ ነው፤ ዕቃው ቢሰበር ባይሰበር የራሱን አይተውም። ባንኩ ነጋዴ ነኝ ካለ፣ ለአንዲት ሰዓትም ቢሆን ወፍጮው የእሱ ይሁን፤ በዚያች ሰዓት ቢሰበር ኪሣራው የእሱ ይሁን። ትርፍ የሚገባው ለዚያች ሰዓት ነው። እኛን ያስቀመጡን ያችን ሰዓት እንድንጠብቅ ነው እንጂ ባንኩ ላይ ስማችን እንዲለጠፍ አይደለም።"

ያኔ ከወለድ በምን እንደሚለይ ገባኝ። ሰዒድም እንደገባው አንገቱን ሲደፋ አየሁ።

"ምን ይሻላል?" አለ።

"ቅን ነበራችሁ፤ የሚታረም ነገር ነው። ሐጂና አንተ ሽያጩን አፍርሱ፤ ወፍጮውን ወደ ሱቁ መልስ። ከዚያ የባንኩ ሰዎች መጥተው እንደ ማንም ነጋዴ ይገዙታል፣ ይረከቡታል፣ ከዚያ ለአንተ ይሸጡልሃል።"

"ቀላል ነው" አሉ ሐጂ ኑር።

ሼሁ ግን ወደ ሰዒድ ጎንበስ አሉ። "ቀላል አይደለም። መመለስ ማለት መመለስ ነው። የእኔን ወፍጮ ሱቅ አስቀመጥኩ ብለህ ከሆነ ምንም አላደረግንም። ባንኩ ሳይመጣ ሌላ ሰው ቢገዛው ሐጂን መቆጣት ትችላለህ?"

ሰዒድ የሆጃውን ስኒ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ማሽላው ደርሷል። ያለ ወፍጮ ይህ መከር ካለፈው ሌላ የሚያገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ወገቡ ደግሞ መኪና አያስይዘውም። ነፊሳ ጉልበቱን በጉልበቷ ነካ አደረገችው፤ እሺ በል ይሁን እምቢ በል እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አልቆጣም" አለ።

ቅዳሜ ወፍጮው ተነሳ። ብሎኖቹ ከሲሚንቶው ውስጥ ደርቀዋል፤ ስለዚህ ከላይ ዳዶዎቹ ተፈትተው ማሽኑ ብቻ ተነሳና አራቱ ብሎኖች እንደቆሙ ቀሩ። ሐጂ ኑር አይሱዙ ላኩ፤ ኪራይ አልቀበልም አሉ። የሰፈሩ ወንዶች ወጡና እየዘፈኑ ጫኑት። ለምን እንደሚመለስ የገባው የለም። አንዷ ሴት በኦሮምኛ የሆነ ነገር ስትል ሁሉም ሳቀ። ነፊሳ ስትተረጉምልኝ፣ "ሙሽራዋ በሳምንቷ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች እያለች ነው" አለችኝ። ሰዒድ ወገቡን ይዞ ዳር ቆሞ ነበር። የወፍጮው ቀበቶ በመንገድ እንዳይላላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠጋ ብሎ አሰረው።

ከፊራ ስንደርስ ሐጂ ኑር ሱቃቸው በር ላይ ተቀበሉን። ሀናንም መጥታለች። ሰዒድና ሐጂ እጃቸውን እንደገና ተያያዙ፤ በፊት ሲሸጡ እንደተማቱ አሁን ሲያፈርሱ ተማቱ። እኛ አገር ውል በሽማግሌ ይታሰራል፤ ሲፈርስ ግን ብዙ ጊዜ በጠብ ነው። እንዲህ በሰላም እጅ ተማትቶ ውል ሲፈርስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሀናን ለሰዒድ፣ "ጥያቄዎ አልተሰረዘም። ኮሚቴው ያየዋል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ መጥቶ ይገዛል። ያን ያህል አይቆይም" አለችው። ሌላ ቃል አልሰጠችም።

እሁድ ነፊሳ ከተማውን ላሳይሽ ብላ ይዛኝ ወጣች። ደረቁን ወንዝ በአሸዋው ላይ ተሻገርን፤ እኛ አገር ቦርከና ላይ እንዲህ ብራመድ እስከ ጉልበቴ እጠልቅ ነበር። ሙሸበክ አበላችኝ፤ በስኳር የተነከረ የተጠማዘዘ ጣፋጭ ነው፣ እጄን እስከ ማታ አጣብቆኛል። ከአንዱ ጋር በሶማልኛ ትከራከራለች፣ ከሌላው ጋር በኦሮምኛ ትስቃለች፣ ለእኔ በአማርኛ ታማቸዋለች። ድካሟን የምትደብቀው በዚህ ነው መሰለኝ።

ስንመለስ በሐጂ ኑር ሱቅ አለፍን። ሰዒድ ከእኛ ቀድሞ እዚያ ደርሷል። ወፍጮው በር አጠገብ ቆሟል፤ አንድ ከጅጅጋ የመጣ ሰው ይዞረዋል፣ ያንኳኳዋል፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል።

"ይሄ ሠርቷል?" አለ ሰውዬው።

ሐጂ ኑር ወደ ሰዒድ አዩ። "እሱን ጠይቀው፤ እሱ ሞክሮታል።"

ሰውዬው ወደ ሰዒድ ዞረ። ነፊሳ ክንዴን ጨበጠችኝ። ሰዒድ ወፍጮውን እንደ ማያውቀው ዕቃ ለአፍታ አየው።

"ጥሩ ነው" አለ። "ድምፁ ንጹሕ ነው። ማሽላ ደጋግሞ አያስፈጭም፤ በአንዴ ያደቀዋል።"

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና አስብበታለሁ ብሎ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ነፊሳ ሚኒባሱ ውስጥ፣ "ትንሽ ይንጫጫል ብትል ምን ነበረበት?" አለችው።

"አይንጫጫማ" አላት።

እራት ላይ ግን ነፊሳ የወጡን ሥጋ ወደ እሱ በኩል ስትገፋ አየኋት።

ሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። ነፊሳ ለመንገድ ላሆህ ቋጠረችልኝ፤ የአልጋ ልብሱን ለልጄ ሠርግ አስቀምጠዋለሁ አለች። ገና ልጅ የላትም። ሰዒድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። "ጋቢሽን ከላይ አድርጊው፣ ደንገጎ ላይ ይበርድሻል" ብቻ አለኝ። አዋሽ በዚያችው ሴት ቤት አደርሁ፤ ነጠላውን ሳልጠይቃት አነጠፈችልኝ። ኮምቦልቻ ስገባ ዝናብ የነካው አየር ተቀበለኝና ሳልወድ ድሬዳዋ ናፈቀችኝ።

ነፊሳ የደወለችልኝ ሱቄን ከከፈትሁ በኋላ ነው። የጅጅጋው ሰውዬ ከባንኩ ቀድሞ ተመልሷል። ሐጂ ኑር ለሰዒድ ደውለው፣ "ምን ላድርግ?" ብለውታል። "ወፍጮው የእርስዎ ነው ሐጂ፣ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?" ብሏቸዋል። ሐጂ ሸጡት፤ ባንኩ ለሰዒድ የሚገዛውን ሌላ ከጅቡቲ አስመጣለሁ አሉ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን አያውቁም።

ያን ቀን ሰዒድ ከፊራ ወርዶ ወፍጮው ሲጫን ቆሞ ነበር። ለሰውዬው ቀበቶው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ድንጋዩ መቼ መወቀር እንዳለበት አሳየው። ከዚያ በሚኒባስ ወደ ቢዮ አዋሌ ተመለሰ። አራቱን ብሎኖች ዝገት እንዳይበላቸው ግራሶ ቀባቸው፣ በላስቲክ ጠቀለላቸው፣ ልጆች እንዳይሰናከሉባቸውም በዙሪያቸው ድንጋይ ደረደረ።